ጆግ ሲሉኝ የሮጥኩ ዕለት

ሰውነት ይለምዳል የሚባለው እውነት ነው። ችግሩ፣ ምን እንደሚለምድ ቀድሞ የሚነግርህ አለመኖሩ ነው። እኔ ሰውነቴን ሩጫ ላስለምድ ወጥቼ ሌላ ነገር አስለምጄው ተመለስኩ፤ ይህንንም ያወቅኩት ከጅጅጋ መውጫ ላይ ሁለት ፈታሾች ሲያባርሩኝ ነው። ታሪኩን ከመሀል ብጀምረው ሌባ እመስላለሁና ከመጀመሪያው ልነሳ።

ጅጅጋ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ቴሌቪዥን፣ ማራገቢያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንዴም ማን እንዳዘዘው የማላስታውሰው የፀጉር ማድረቂያ እሸጣለሁ። ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የሱቅ ሥራ የመቀመጥ ሥራ ነው። ጠዋት እቀመጣለሁ፤ ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ሲዘጋ ሩዝ በፍየል ሥጋ ከነሙዙ እበላለሁ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አስከትዬ እተኛለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ እንደገና እቀመጣለሁ። ከቤቴ እስከ ሱቄ ያለውን አጭር መንገድ እንኳ የምሄደው በባጃጅ ነበር። ሆዴም ጊዜውን ጠብቆ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ መግባት ጀመረ። ማንም አልነቀፈውም። እዚህ አገር ነጋዴው ከሲታ ከሆነ ዕቃውም ከሲታ ይመስላል፤ ሆዴ ማስታወቂያዬ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ከመደርደሪያ ቴሌቪዥን ሳወርድ ዓይኔ ጨለመብኝ። ቴሌቪዥኑን ደንበኛው ያዘው፤ እኔን የያዘኝ አልነበረም። ክሊኒክ ስሄድ ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪም የደም ግፊቴን ለኩ፣ ደግመው ለኩ፣ በሦስተኛው መነጽራቸውን አወለቁና «ይሄ የማን ግፊት ነው?» አሉኝ፤ ተውሼ የመጣሁ ይመስል። ጨውና ስኳር ቀንስ፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ፤ ያን ጊዜ ካልወረደ ኪኒን እጀምርልሃለሁ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አባቴ የሞተው በግፊት ነው። ኪኒኑን እየዋጠ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ላይ ዐረፍ እንዳለ ሳይነሳ ቀረ። እኔ አርባ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ ከደብረ ብርሃን ስትደውል ስለ ገበያ አትጠይቀኝም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትንፋሼን ነው የምታዳምጠው። ፈርቼ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አፍ ላይ ስሰማው እንኳ ደስ አይለኝም።

ነገሩን ለጎረቤቴ ለሂቦ ነገርኳት። ሂቦ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሱቃችን አንድ ግድግዳ ይጋራል። አማርኛዋ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከአማርኛዋ ይፈጥናል። ሳሳዝናት «ዋላል» ትለኛለች፤ በሶማሊኛ ወንድሜ ማለት ነው። በየጠዋቱ ሰው ስፖርት የሚሠራበት ሜዳ እንዳለ፣ እሷም እሁድ እሁድ ከሴቶቹ ጋር እየሄደች እንደምትራመድ ነገረችኝና በማግስቱ እየጎተተች ወሰደችኝ።

አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ናቸው። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ አሁን የአንድ መጋዘን ጥበቃ ኃላፊ ሆነው ይሠራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የእኛን ዓይነቱን ለጽድቅ ያሠለጥናሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ሆዴ ላይ ሲደርሱ ደግመው አዩ። ከዚያ ትምህርታቸውን ሰጡኝ። ሰውነት ወታደር ነው አሉ፤ ትእዛዝ ሲለዋወጥበት ያጉረመርማል፣ ደጋግመህ ስታዘው ግን ለምን ብሎ መጠየቅ ይተዋል። ይቺን ንግግር ያን ጊዜ ወድጃት ነበር።

የእኔ ሰውነት ግን ማጉረምረሙን አላሳጠረም። በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጥ አቃተኝ፤ እኔ፣ መቀመጥ! ከተቀመጥኩ መነሳት፣ ከተነሳሁ መቀመጥ ሌላ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ ሆነ። ሽንት ቤት ቁጢጥ ብዬ ከዚያ የወጣሁበትን መንገድ ለጨዋ ሰው አልነግርም። ባጃጅ ውስጥ እግሬን የማስገባው በእጄ አንስቼ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉ በማግስቱ ጭኑን ምን ያህል እንደሚያመው ግን ተረቱ ዝም ብሏል።

ሂቦ አዘነችልኝና ሀርሺን ካሉት ዘመዶቿ የግመል ወተት አስመጣችልኝ። እኔና የግመል ወተት የቆየ ትውውቅ አለን። ጅጅጋ በገባሁ ሰሞን ሙሉ ጣሳ ግጥም አድርጌ ጠጥቼ ሆዴን ይዤ እንደ እብድ የሮጥኩበትን ሰፈር ሰዎች አሁንም ያሳዩኛል። ከዚያ ወዲያ ግን ሆዴ ለመደ፤ ዛሬ ብጠጣ ምንም አልሆንም። ሂቦ ይህን እያስታወሰች ሆድህ ከለመደ እግርህም ይለምዳል፣ ትዕግሥት አድርግ አለችኝ። ልክ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ግድም ጠዋት ስነሳ የሚያመኝ ቦታ ፈልጌ አጣሁ፤ ደነገጥኩ እንጂ ደስ እንኳ አላለኝም።

ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ሜዳው ላይ ሁለት ቡድን ነበር፤ የእኛ በአማርኛ፣ የወዲያኛው በሶማሊኛ። የወዲያኛው አሠልጣኝ ሥራው ወደ አይሻ ተዛወረና ሄደ፤ ተማሪዎቹም ወደ ሃምሳ አለቃ መጡ። እሁድ ጠዋት ነው፤ ሜዳው ሞልቷል። ሃምሳ አለቃ ሶምሶማ ማለት አይወዱም፤ ማሠልጠኛ ሳሉ የተማሩት የእንግሊዝኛ ቃል «ጆግ» ነው። ሰልፉን አስተካከሉና በሙሉ ድምፃቸው «ጆግ!» አሉ።

ጆግ በሶማሊኛ ቁም ማለት ነው።

ከፊት የተሰለፉት ሶማሊኛ ተናጋሪዎች፣ ገና በእግራቸው ጣት ተነስተው የነበሩት ሁሉ፣ ባሉበት ድርቅ አሉ። ከኋላ ያለነው አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ተነሳን። እኔ አንድ ቀጭን የባንክ ሠራተኛ ጀርባ ላይ ሄጄ ተለጠፍኩ፤ እኔ ላይ ሌላ ሰው ተለጠፈ፤ የመጨረሻው ሰው የት እንደተለጠፈ አላየሁም። ሃምሳ አለቃ ያልሰሟቸው መሰላቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጆግ! ጆግ!» አሉ። ከፊት ያሉት ይብሱኑ ቀጥ አሉ፤ አንዱማ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ሂቦ ከሴቶቹ መሀል እየሳቀች መጥታ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሃምሳ አለቃ ሰው ያከብራሉ፤ በሶማሊኛ ሩጡ እንዴት እንደሚባል ጠየቋት። «ኦሮድ» አለቻቸው። ተለማመዱት፤ የሰላሌ ምላሳቸው ግን ቃሉን ወደሚያውቀው አዞረውና ሰልፉ ፊት ቆመው «ውረድ!» አሉ። የፊቶቹ ገባቸውና ሮጡ። እኛ ደግሞ ውረድ ከተባልን ለፑሽአፕ ነው ብለን ሁላችንም መሬት ወረድን። ሶማሊዎቹ ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ በደረታችን ተኝተን ቀጣዩን ትእዛዝ እየጠበቅን ነበር።

ብዙ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ሂቦ የሽማግሌ ፍርድ ሰጠች፤ በዚህ ሜዳ ላይ ጆግ ማለት ሩጥ ነው፣ ከሜዳ ስንወጣ ጆግ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁሉም እየሳቀ ተስማማ። የተቸገርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ከሁለቱ ቋንቋ አንዱን ነው የሚያውቀው፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ኬላ ላይ ጆግ ሲባል ከሚቆም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ «ጆግ!» በተባለ ቁጥር አንዱ እግሬ ሲሄድ አንዱ ይቆማል። ሃምሳ አለቃም ይህን አይተው ለብቻዬ ደጋግመው አለማመዱኝ። ጆግ ሲሉ ሳላስብ እንድነሳ፣ ጭንቅላቴን ሳላማክር እንድሮጥ አደረጉኝ።

ሰውነቴ መቀየር ጀመረ። የሱቅ መሰላል ስወጣ ማንቁርቴ ድረስ ትመጣ የነበረችው ልቤ ቦታዋ ላይ መቆየት ለመደች። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ። ይህን ያየ ደንበኛ ግን እንኳን ደስ አለህ አላለኝም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን ነካህ ይለኛል። አንድ ሽማግሌ ማራገቢያ ሊገዙ መጥተው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝና ሳይከራከሩ ከፍለው ሄዱ። አልከለከልኳቸውም፤ ዱዓ አይጎዳም።

የቀጠሮዬ ቀን ሲቀርብ ፍርሃቴ ተመለሰ። ሰውነቴ የለመደው ሩጫውን ብቻ ቢሆንስ? ግፊቴ የአባቴ ሆኖ ቢቀርስ? የፈራ ሰው ምክር አይመርጥም። አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ደንበኛዬ ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ስብ ያቀልጣል ብሎኝ ነበር። ቴሌቪዥን የሚጠቀለልበት፣ ኳስ ኳስ የመሰለ አየር የያዘው ላስቲክ ሱቄ ሞልቷል። በቀጠሮው ዕለት ማለዳ፣ ፈተና ደርሶበት እንደሚያነብ ሰነፍ ተማሪ፣ ከደረቴ እስከ ዳሌዬ ደራርቤ ጠቀለልኩ፣ በፕላስተር አጠበቅኩ፣ ከላይ ቱታ ለበስኩ። ስንቀሳቀስ እንኮሻኮሻለሁ። መስታወት ፊት ስቆም የቀነስኩት ሁሉ ተመልሶ መጥቷል።

የሐረርን መንገድ ይዤ ሮጥኩ። ሌላ ጊዜ ኬላው ጋ ሳልደርስ ነበር የምመለሰው፤ ያን ቀን ግን የፈተና ቀን ነውና ትንሽ ልጨምር አልኩ። አስቡት እንግዲህ፤ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፣ ቱታው ውስጥ አንድ ነገር ጠቅልሎ፣ ከከተማ ወደ ውጭ እየሮጠ ነው። ፈታሹ ከመንገዱ ዳር ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋና «ጆግ!» አለኝ።

እግሬ ተነሳ። ጭንቅላቴን አላማከረም። እንዲያውም በመንገድ ላይ የሚያበረታታ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ በእጄ ሰላምታ ሰጠሁት። «ጆግ! ጆግ!» አለ፤ ጨመርኩ። ከኋላዬ የሁለት ሰው የጫማ ኮቴ ሲመጣ አብረውኝ ሊሮጡ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በመጨረሻ አንደኛው በአማርኛ «ቁም!» ብሎ ሲጮህ ነው ነገሩ ጭንቅላቴ የገባው፤ ወሬው እግሬ ጋ እስኪደርስ ግን አሁንም ጥቂት ሮጥን።

የደረሰብኝ ፈታሽ አብዲ ይባላል። ከኋላ ወገቤን ጥምጥም አድርጎ ሲይዘኝ የላስቲኩ አየር በአንድ ጊዜ ይፈነዳ ጀመር። ለቀቀኝና ወደ ኋላ ዘለለ፤ ጓደኛውም ከዛፍ ጀርባ ሆኖ ምን እንደያዝኩ ጠየቀ። ሆዴን ነው አልኩ። የኬላው አለቃ መጡና ቱታዬን አስወለቁኝ። እኔ እየዞርኩ፣ አብዲ ላስቲኩን ከላዬ እየላጠ፣ ከሐረር የመጣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው በመስኮት እያየ ተፈታሁ። መጨረሻ ላይ የተገኘው ላብና እኔ ብቻ ነን።

አለቃው ግን አልሳቁም። ንጹሕ ሰው ቁም ሲባል ምን ያስሮጠዋል አሉ፤ ፍርዱ የሚከፋ አይደለም። ጅጅጋ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ጠየቁኝ። አሥራ ስምንት ስላቸው ይብስ ተጠራጠሩ፤ ይህን ያህል ኖሮ ጆግን የማያውቅ የለም። አውቅ ነበር፣ ሰውነቴ ነው የረሳው አልኳቸው። ይህን ካልኩ በኋላ ምስክር ጥራ አሉኝ። ለሂቦ ደወልኩና ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አደረግሁት። አለቃው በኮንትሮባንድ እንደጠረጠሩኝ ነገሯት።

«እሱ? ኮንትሮባንድ?» አለች፤ «ኮንትሮባንድ እኮ ብልጥ ሰው ይፈልጋል። እሱ ሞኝ ነው፤ ልቀቁት፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው።»

ያን ጊዜ ነው አብዲን ልብ ብዬ ያየሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ጎረምሳ ነው፤ ከእኔ ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። እኔ ቆሜአለሁ። ተከራክሬአለሁ፣ ስልክ ደውዬአለሁ፣ ትንፋሼ አልተቆራረጠም። ሱሪዬን በእጄ ይዤ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ሳለ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ አለቃው እንዳይጠረጥሩኝ ተውኩት።

ለቀቁኝ። አለቃው ግን ጥርጣሬ ልማዳቸው ነውና ቀጠሮው እውነት መሆኑን አይቶ እንዲመለስ አብዲን ከእኔ ጋር ላኩት። በባጃጅ ሄድን። አብዲ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም፤ አንዴ ብቻ ዞር ብሎ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

ሐኪሙ ለኩኝ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ከፍ ያለ ነው አሉ። አባቴ፣ ደረጃው፣ እናቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ያን ሁሉ ወር የሮጥኩት ለምንድን ነው አልኩ። ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት ምን ሠራህ ሲሉኝ፣ «ከኬላ ፈታሽ ሲያመልጥ ነበር» ያለው አብዲ ነው። ሐኪሙ እሱንም እኔንም አዩን፤ ከዚያ ወንበር ሰጥተውኝ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ምንም አታስብ አሉኝ። ምንም ሳያስቡ መቀመጥ ለእኔ የቆየ ሙያዬ ነው።

ቆይተው እንደገና ለኩ። ደግመው ለኩ። ወርዷል አሉ። ኪኒኑን አልጽፍልህም አሉ።

ከዚያ በሰፊው አስረዱኝ። ልብ ሥራ ሲበዛባት መጀመሪያ ትጨነቃለች፤ በየቀኑ ሲመጣባትና ማታ ደግሞ ስታርፍ ግን ትጠነክራለች፣ በፊት በብዙ ምት ትሠራው የነበረውን በጥቂት ምት ትጨርሰዋለች፤ ደም ሥሩም ይፍታታል። ላስቲኩ ያወጣው ውኃ ነው እንጂ ስብ አይደለም፣ ሁለተኛ እንዳላየው አሉ። ደግሞም ሰውነት የለመደውን ያህል ይረሳል፤ ብታቆም ተመልሶ እዚያው ነው አሉኝ። ይሄኛው አልጣመኝም። እኔ በሦስት ወር የሚያልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ መቼ ነው የማቆመው?» አልኳቸው።

«አንተ አታቁም» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ፤ «ማቆሙን ለፈጣሪ ተውለት።»

አብዲ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። «እኔም ቁም ስለው አልቆመም ነበር» አለ፤ «አሁን ጭራሽ ፈቃድ ሰጡት።» ስንወጣ ግን የእሱንም ይለኩለት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ተመልሰን ገባን፤ ደህና ነው፣ ሲጋራውን ብቻ ተው አሉት።

አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ከዚያ በኋላ በወራት ውስጥ ነው። ጠዋት ሮጥኩ፣ ታጠብኩ፣ ሱቄን ከፈትኩ። እናቴ ደወለች፤ ቀኑን ታውቀዋለች። እንደ ልማዷ ትንፋሼን አዳመጠች፤ እኔም ዝም ብዬ ተነፈስኩላት። አባቴን በዕድሜ በለጥኩት አልኳት።

«እንግዲህ» አለችኝ፣ «ከዚህ ወዲያ ያለውን አባትህም አያውቀውም፤ ዕወቅበት።»